ከሃርት አታክ በኋላ የሚመጣ ድባቴና የምክር ሕክምና፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሃርት አታክ ይዞት የተረፈ ሰው ከሆስፒታል ሲወጣ ብዙ ነገር ይነገረዋል። ክኒኑ በስንት ሰዓት እንደሚዋጥ፣ ጨው እንዲቀንስ፣ ሲጋራ እንዲያቆም፣ ቀጠሮው መቼ እንደሆነ። «ሌሊት ሌሊት ምን ያስባሉ?» ብሎ የሚጠይቀው ግን ብዙ ጊዜ አያገኝም። ከታች ያሉት ጥያቄዎች ታማሚዎችና ቤተሰቦቻቸው ደጋግመው የሚያነሷቸው ናቸው። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፦ ከልብ ሕመም በኋላ የሚመጣ ድባቴ ራሱን የቻለ ሕመም ነው፤ መታከም አለበት፤ ይታከማልም።

ተርፌያለሁ። ታዲያ ለምን ደስ አይለኝም?

ይህን ጥያቄ ሰው ጮክ ብሎ አይጠይቀውም። ጠያቂው ሁሉ «እንኳን ማረዎት» እያለ ሲገባና ሲወጣ፣ «እኔ ግን ምንም ደስታ አይሰማኝም» ማለት ያሳፍራል። ግን ያልተለመደ ነገር አይደለም። ከሃርት አታክ ከተረፉ አምስት ሰዎች አንዱ ገደማ ከባድ ድባቴ ይይዘዋል። ቀለል ያለ ምልክት የሚታይባቸው ደግሞ ከዚያም ይበዛሉ።

ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። ትናንት ሳያስቡት የሚወጡትን ደረጃ ዛሬ መሀሉ ላይ ቆመው፣ ልብዎን እያዳመጡ ነው የሚወጡት። ሥራ ተቋርጧል። ለቤተሰቡ መከታ የነበሩ ሰው ድንገት የሰው እጅ ጠባቂ ሆነዋል። በዚህ ላይ ሞትን በቅርብ አይተዋል። ይህ ሁሉ በአንድ ሳምንት የወረደበት ሰው ቢከፋው ምን ይገርማል?

ከዚህ በፊት ድባቴ ይዞት የሚያውቅ፣ ብቻውን የሚኖር ወይም አይዞህ ባይ የሌለው ሰው ይበልጥ ይጋለጣል። ሴቶችና በወጣትነታቸው የታመሙም እንዲሁ። «ጉዳትህ ቀላል ነው ተብሏል፤ ምን ያስከፋሃል?» የሚሉ አሉ። ድባቴ ግን የልብን ጉዳት መጠን አይቶ አይመጣም።

ዝም ብዬ ብጠብቅ በራሱ አያልፍም?

አንዳንዱ ያልፋል። በመጀመሪያዎቹ ቀናትና ሳምንታት ሆድ መባባት፣ በትንሽ በትልቁ ማልቀስ፣ መነጫነጭ፣ ከእንቅልፍ መባነን ያለ ነው። ቀን በቀን እየቀለለ ከሄደ፣ የሚወዱት ሰው ሲመጣ ፊትዎ የሚፈታ ከሆነ ጊዜ ይስጡት።

መለኪያው ሁለት ሳምንት ነው። አብዛኛውን ቀን፣ በየቀኑ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ፣ ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከከፋዎት ወይም ምንም ነገር አላስደስት ካለዎት ለሐኪም ይንገሩ። ከዚሁ ጋር እንቅልፍ ይጠፋል ወይም ይበዛል፤ ምግብ አልወርድ ይላል፤ ሐሳብ አይሰበሰብም፤ ራስን እንደ ሸክም ማየት ይመጣል።

አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። ድካምና እንቅልፍ ማጣት ከልቡም፣ ከመድኃኒቱም ሊመጡ ይችላሉ። ስለዚህ ታማሚው «የልቤ ነው» ብሎ ያልፈዋል፤ አንዳንዴ ሐኪሙም እንደዚያው ያስባል። እኔ ይበልጥ የማየው የደስታን መጥፋት ነው። የልጅ ልጅዎ እየሮጠ መጥቶ እግርዎ ላይ ሲጠመጠም፣ እጅዎ ፀጉሩን እየዳበሰ ውስጥዎ ምንም ካልተሰማው ልብ ይበሉት። ዜና ሳይሰሙ የማይተኙ የነበሩ ሰው ሬዲዮ መክፈት ከተዉ፣ ስልክ እየጠራ ካላነሱ፣ ለሁሉም ነገር መልስዎ «ምን ሊረባኝ?» ከሆነ ጉዳዩ የሰውነት ድካም ብቻ ነው ብዬ አላምንም።

ሞት ይሻለኛል ብዬ ማሰብ ጀምሬያለሁ።

ዛሬውኑ ለሚያምኑት ሰው ይንገሩ። ነገ አይበሉ። ራስዎን ስለሚጎዱበት መንገድ ማሰብ ከጀመሩ ወይም ራስዎን ከፈሩ ብቻዎን አይሁኑ፤ አንድ ሰው ይዘው በቅርብ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ይህ ሐሳብ የሕመሙ አካል ነው። ሕመሙ ሲቀል እሱም ይቀላል፤ አሁን ባለበት ጉልበት አይቀጥልም።

የልብ መድኃኒትን «ይብቃኝ» ብሎ ሆን ብሎ መተውም ከዚሁ ይቆጠራል። በግልጽ ስላልተነገረ ብዙ ቤተሰብ ያልፈዋል።

ቤተሰብ ሆይ፣ ጥርጣሬ ካላችሁ በቀጥታ ጠይቁ። መጠየቅ ያልነበረን ሐሳብ አይጨምርም። ብዙ ሰው ሲጠየቅ እፎይ ይላል። ለጊዜውም መድኃኒቱን ሌላ ሰው እየያዘ ይስጠው።

ድባቴ ልብን ራሱን ይጎዳል?

አዎ፣ ግንኙነታቸው ጠንካራ ነው። በ1993 በካናዳ ሞንትሪያል የተደረገ አንድ የታወቀ ጥናት ሃርት አታክ የያዛቸውን 222 ሰዎች ለስድስት ወር ተከታትሎ ነበር። የልባቸው ጉዳት መጠን ከግምት ገብቶም እንኳ፣ ድባቴ የነበረባቸው የመሞት ዕድላቸው አራት እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኘ። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ልዩነቱን አነስ አድርገው ቢያገኙትም ወደዚያው ነው የሚያመለክቱት። የአሜሪካ የልብ ማኅበርም በ2014 የባለሙያዎች መግለጫ አወጣ። ከድንገተኛ የልብ ሕመም በኋላ ድባቴ ከሌሎቹ የታወቁ አደጋ አባባሾች ጎን እንዲቆጠር የሚጠይቅ ነው።

የሚጎዳበት መንገድ ብዙ ነው። ግልጹ ክኒን መርሳት ነው። ልባቸው ውስጥ ስቴንት (የጠበበ የደም ሥርን ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ ቱቦ) የገባላቸው ሰዎች ደም እንዳይረጋ የሚሰጡትን አስፕሪንና ክሎፒዶግሬል በድንገት ሲያቋርጡ ስቴንቱ በረጋ ደም ሊዘጋ ይችላል። ድባቴ የያዘው ሰው ደግሞ መድኃኒት መዋጥ ትርጉም ያጣበታል። መንቀሳቀስ ይተዋል። ያቆመውን ሲጋራ ይመልሳል። ቀጠሮ ይቀራል። ከዚህ ሌላ በሰውነት ውስጥ የሚሆን ነገር አለ፦ የጭንቀት ሆርሞኖች ከፍ ይላሉ፤ ደምን የሚያረጉት ፕሌትሌቶች ቶሎ ይጣበቃሉ፤ ብግነት (የሰውነት መቆጣት) ይጨምራል፤ የልብ ምትም እንደ ሁኔታው የመፍጠንና የመዘግየት ችሎታው ይቀንሳል።

ይህን የምጽፈው ለማስፈራራት አይደለም። «ስለ ስሜቴ ብናገር ሐኪሙን ጊዜውን አባክንበታለሁ» የሚሉ ሰዎች ስላሉ ነው። አያባክኑም። ስለ ልብዎ እየነገሩት ነው።

ሐኪሜ ስለ ስሜቴ ጠይቆኝ አያውቅም። እንዴት ልጀምር?

በሚቀጥለው ቀጠሮ ከመነሳትዎ በፊት ሳይሆን እንደተቀመጡ ይናገሩት። «ከታመምኩ ወዲህ ምንም ነገር ደስ አይለኝም፤ እንቅልፍም የለኝም» ማለት ይበቃል። ሐኪሙ ምናልባት አጭር መጠይቅ ይሰጥዎታል። በብዛት የሚሠራበት ፒ ኤች ኪው 9 የሚባለው ነው። ዘጠኝ ጥያቄ አለው፤ ውጤቱ ከ0 እስከ 27 ነው፤ 10ና ከዚያ በላይ ከሆነ በደንብ መመርመር ያስፈልጋል። መጠይቁ ብቻውን ሕመም አለ አያሰኝም። ደም ማነስና የእንቅርት እጢ ችግርም ድባቴ ስለሚመስሉ የደም ምርመራ ሊታዘዝ ይችላል።

የልብ መድኃኒቶቼ ይሆኑ ያስከፉኝ?

ብዙ ጊዜ የሚወቀሰው ቤታ ብሎከር የሚባለው፣ የልብ ምትን የሚያረጋጋ መድኃኒት ነው። ጥናቶቹ ተሰብስበው ሲታዩ ግን ድባቴ ያመጣል የሚለው አልተረጋገጠም። ትንሽ ድካም ሊያመጣ፣ አንዳንድ ሰው ላይም እንቅልፍ ሊረብሽ ወይም እንግዳ ሕልም ሊያሳይ ይችላል። ከጠረጠሩት ለሐኪም ይንገሩ፤ መጠኑ ወይም ዓይነቱ ሊቀየር ይችላል። በራስዎ አያቁሙት። ቤታ ብሎከርን በድንገት ማቆም ለልብ አደገኛ ነው።

ካውንስሊንግ ብሄድ ምን ይገጥመኛል?

ብዙ ሰው ተግሣጽ ወይም ማጽናኛ የሚሰማ ይመስለዋል። «አይዞህ፣ ጠንከር በል» ማለትማ ዘመድም ይችልበታል። እዚህ የሚደረገው ሌላ ነው።

የመጀመሪያው ቀን በአብዛኛው ጥያቄ ነው። ባለሙያው ያን ቀን ከመጀመሪያው እንዲነግሩት ይጠይቅዎታል። የት ነበሩ? ምን ተሰማዎት? አምቡላንስ ውስጥ ምን አሰቡ? ሰዉ ታሪኩን ለስንት ጠያቂ አሳጥሮ ሲናገር ከርሟል፤ ፍርሃቱን ጨምሮ የሚናገረው ግን ብዙ ጊዜ እዚህ ነው። ማልቀስ ይመጣል፤ ምንም አይደለም። ያወሩት ከክፍሉ አይወጣም። ሕይወትዎ አደጋ ላይ ከሆነ ግን ባለሙያው ሌሎችን ሊያሳውቅ እንደሚችል አስቀድሞ ይነግርዎታል።

ለልብ ታማሚዎች በብዛት የተጠናው የአስተሳሰብና የባሕርይ ሕክምና ነው፤ ብዙዎች ሲ ቢ ቲ ይሉታል። እንዴት እንደሚሠራ ቀረብ አድርገን እንየው። ከቤት መውጣት የተዉ አንድ ሰው እናስብ። ባለሙያው «ውጡ እንጂ» አይላቸውም። ሰባቱ ቀናት በየሰዓቱ የተከፋፈሉበት ወረቀት ይሰጣቸዋል። የመጀመሪያው ሳምንት ሥራቸው መጻፍ ብቻ ነው፦ በዚህ ሰዓት ምን አደረግሁ፣ ስሜቴ ከ0 እስከ 10 ስንት ነበር? በሳምንቱ ወረቀቱን አብረው ያዩታል። ከምሳ በኋላ አልጋ ላይ ጋደም ያሉባቸው ሰዓቶች ሁሉ 2 ናቸው። ሐሙስ ከሰዓት ግን 5 አለ። «ሐሙስ ምን ነበር?» ሲባሉ ያስባሉ። የድሮ የሥራ ባልደረባቸው መጥቶ የተበላሸ ሬዲዮ አብረው ሲፈታቱ ነበር። ያ 5 የተገኘው ሬዲዮኑ ስለተሠራ እንዳይመስላችሁ፤ አልተሠራም።

ከዚያ ለሚቀጥለው ሳምንት ሁለት ትንንሽ ነገር ይመደባል። ማክሰኞ ጠዋት ሐኪሙ የፈቀደውን ያህል አሥር ደቂቃ በእግር መሄድ። ሐሙስ ለዚያው ባልደረባ መደወል። ቁም ነገሩ ስሜቱ እስኪመጣ አለመጠበቅ ነው። ድባቴ የያዘው ሰው «ደስ ሲለኝ እወጣለሁ» ይላል። ሕክምናው ይገለብጠዋል፦ መጀመሪያ ይወጣሉ፤ ስሜቱ ቀስ ብሎ ይከተላል። ከሁሉም ዘዴዎች እኔ ይህን አስቀድማለሁ፤ ምክንያቱም በጣም የደከመ ሰው እንኳ ሊጀምረው ይችላል።

ሁለተኛው ሥራ ከሐሳብ ጋር ነው። ደረጃ ሲወጡ ልብዎ ይፈጥናል። «እንደገና ሊነሳብኝ ነው» ይላሉ፤ ይቀመጣሉ። በማግስቱ ደረጃውን ይሸሻሉ። በወሩ ጡንቻዎ ስለሚላላ ልብዎ ለትንሽ ነገር ይበልጥ ይፈጥናል፤ ፍርሃቱ እውነት መሰለ ማለት ነው። ባለሙያው ይህን ክብ ከእርስዎ ጋር ይስለዋል። ባለፈው ልብዎ ሲፈጥን መጨረሻው ምን ሆነ? ሐኪሙ ስለ ደረጃ ምን አለ? ከዚያ በሐኪሙ ፈቃድ በጥቂት በጥቂቱ ይሞከራል፤ የፈሩትና የሆነው ጎን ለጎን ይጻፋል። «በሲጋራዬ ራሴን በላሁ»፣ «ከእንግዲህ ለቤተሰቤ ዕዳ ነኝ» የሚሉ ሐሳቦችም በዚሁ መንገድ ይመረመራሉ።

ቀጠሮው አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት አንዴ፣ ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ነው። ከ8 እስከ 16 ጊዜ የተለመደ ነው። በመጀመሪያው ቀን ቀልሎዎት ባይወጡ ተስፋ አይቁረጡ፤ እንዲያውም ከተናገሩ በኋላ ለአንድ ሁለት ቀን ሊከብድ ይችላል።

ባለሙያው ካልተመቸኝስ? ርቆብኝ መሄድ ካቃተኝስ?

ካልተመቸዎት ይንገሩት፤ ካልተስተካከለ ይቀይሩ። ማንም አይቀየምዎትም። ርቀት ከሆነ ችግሩ፣ በስልክ የሚሰጥ ምክር ለልብ ታማሚዎች ተሞክሮ ድባቴን እንደሚቀንስ ታይቷል። የልብ ተሐድሶ ፕሮግራም ካለም የአካል እንቅስቃሴና የምክር አገልግሎት አንድ ላይ ሊያገኙ ይችላሉ፤ እንደ እርስዎ ከታመሙ ሰዎች ጋር መገናኘቱ ራሱ ትልቅ ነገር ነው።

ምክሩ ዕድሜዬን ያራዝማል?

እዚህ ላይ እውነቱን መናገር ይገባል። ስሜትን ማሻሻሉ የታወቀ ነው። ዕድሜ ማራዘሙ ግን አልተረጋገጠም። በአሜሪካ 2,481 ሰዎች የተሳተፉበትና ውጤቱ በ2003 የታተመው ትልቅ ጥናት ሲ ቢ ቲ የወሰዱት ድባቴያቸው እንደቀነሰ አሳይቷል። የሞትና የዳግም ሃርት አታክ ቁጥር ግን ከሌሎቹ አልተለየም። ልዩነቱን ያጠበበው፣ ሲ ቢ ቲ ያልተሰጣቸውም ከጊዜ ጋር ስሜታቸው መሻሻሉ ሊሆን ይችላል። በሌላ በኩል በስዊድን ኡፕሳላ 362 የልብ ታማሚዎች ላይ የተደረገ፣ በ2011 የወጣ ጥናት አለ። በአንድ ዓመት ውስጥ 20 ጊዜ በቡድን እየተገናኙ ጭንቀትን መቆጣጠር የተማሩት፣ የልብና የደም ሥር ሕመም ዳግም የመነሳቱ ነገር በ41 በመቶ ቀንሶላቸዋል። ያ ጥናት ግን ያተኮረው በጭንቀት ላይ እንጂ በድባቴ ላይ አልነበረም።

እንግዲህ ዕድሜ እጨምራለሁ ብለው ሳይሆን፣ ያለዎትን ዕድሜ ለመኖር ይሂዱ። መድኃኒት በሰዓቱ መዋጥና መንቀሳቀስም ስሜቱ ሲቀል ይቀላል።

ክኒን ይሻላል ወይስ ምክር?

ቀላልና መካከለኛ ለሆነ ድባቴ በምክር መጀመር ይቻላል። ከበድ ያለ ከሆነ ወይም ከዚህ በፊት ተደጋግሞ ከያዘዎት ሁለቱ አብረው ይሻላሉ። ከሃርት አታክ በኋላ በደንብ የተፈተሸው የድባቴ መድኃኒት ሰርትራሊን ነው፤ በ2002 በወጣ ጥናት በልብ ላይ ጉዳት ሳያመጣ፣ በተለይ ከበድ ያለ ወይም ተደጋግሞ የመጣ ድባቴን ቀንሷል። በደቡብ ኮሪያ 300 ሰዎች ለ24 ሳምንት ኤስሲታሎፕራም የሚባል ሌላ የድባቴ መድኃኒት ወይም መድኃኒት የሌለበት ባዶ ክኒን ወስደው ለስምንት ዓመት ገደማ ክትትል ተደርጎላቸዋል። በ2018 በወጣው ውጤት ሞትና ከባድ የልብ ችግር የደረሰባቸው ከመድኃኒቱ ወሳጆች 40.9 በመቶ፣ ከሌሎቹ 53.6 በመቶ ናቸው። ደስ የሚል ውጤት ነው፤ ግን አንድ ጥናት ነው።

እነዚህ መድኃኒቶች ለመሥራት ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈልጋሉ። ከአስፕሪንና ከክሎፒዶግሬል ጋር ሲወሰዱ የመድማት ዕድልን ስለሚጨምሩ ጥቁር ሰገራ ወይም ያልተለመደ መድማት ካዩ ቶሎ ይታዩ። አሚትሪፕቲሊንና ኢሚፕራሚን የመሳሰሉት የቆዩ የድባቴ መድኃኒቶች ግን የልብን ምት ሊያዛቡ ስለሚችሉ ከሃርት አታክ በኋላ አይመረጡም። ቤት ውስጥ የሌላ ሰው ክኒን ካለ አይንኩት። «የተፈጥሮ ነው» ተብለው የሚሸጡ የድባቴ ዕፆችም አንዳንዶቹ ዋርፋሪንን የመሰሉ ደም እንዳይረጋ የሚሰጡ መድኃኒቶችን ሥራ ያበላሻሉ።

ደረቴን ሲወጋኝ ፍርሃት ይሁን ልቤ በምን ልወቅ?

ራስዎ ለመለየት አይሞክሩ። ደረት ላይ ጫና ወይም ሕመም ከመጣ፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ ከሄደ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ላብ ካጠመቀዎት ወዲያውኑ ድንገተኛ ሕክምና ይፈልጉ። ሄደው «ምንም የለም» ቢባሉ የሚያሳፍር ነገር የለም። ልብዎ ተመርምሮ ደህና ሆኖ ፍርሃቱ ከቀጠለ ያኔ የካውንስሊንግ ሥራ ነው፤ የድንጋጤ ሕመም በደንብ ይታከማል።

ከባለቤቴ ጋር መቀራረብ እፈራለሁ። ይህንንም ማውራት ይቻላል?

ይቻላል፤ ብዙ ሰው የሚፈራው ነገር ነው። ያለ ደረት ሕመምና ያለ ትንፋሽ እጥረት ሁለት ፎቅ ደረጃ መውጣት የሚችል ሰው አብዛኛውን ጊዜ ወደ ግብረ ሥጋ ግንኙነት መመለስ ይችላል። ሐኪምዎን ጠይቀው ያረጋግጡ። አንድ ነገር ግን በጥብቅ ይያዙ፦ ናይትሮግሊሰሪንና መሰሎቹን (ለደረት ሕመም የሚሰጡትን) የሚወስድ ሰው ሲልዴናፊልን የመሳሰሉ ለስንፈተ ወሲብ የሚሰጡ መድኃኒቶች መውሰድ የለበትም። ሁለቱ አንድ ላይ የደም ግፊትን አደገኛ በሆነ መጠን ያወርዳሉ።

አባቴ «እኔ እብድ ነኝ እንዴ?» ብሎ እምቢ አለ። ምን ላድርግ?

ክርክር አይግጠሙ። «አእምሮህ ታሟል» ከሚለው ይልቅ «አባባ፣ ከታመምክ ወዲህ እንቅልፍ የለህም፤ ለልብህም ጥሩ አይደለም፤ ለልብ ሐኪምህ አብረን እንንገረው» ቢባል ሰሚ ያገኛል። ልብ ሐኪሙ ራሱ «ይህም የሕክምናዎ ክፍል ነው» ሲለው ይበልጥ ይቀበላል። ለሁልጊዜ ተስማማ አይበሉት፤ አንድ ቀን ብቻ እንዲሞክር ይጠይቁት።

ሌላው ነገር ሥራ አይንጠቁት። ተንከባካቢ ቤተሰብ በፍቅር ብዛት ሰውየውን ወንበር ላይ ያስረዋል። ብርጭቆ እንኳ እንዳያነሳ ይከለከላል። ሐኪሙ የፈቀደውን ይሥራ። «ምን ላምጣልህ?» ብቻ ሳይሆን «ይህን እንዴት እናድርገው?» ብሎ ማማከርም ክብሩን ይመልስለታል።

ለራስዎም ይጠንቀቁ። ሌሊት እየተነሱ ትንፋሹን የሚያዳምጡ ሚስቶች፣ ባሎችና ልጆች ብዙ ናቸው። እነሱም ድባቴ ይይዛቸዋል። ምክሩ ለእናንተም ነው።

ተሽሎኛል። ቢመለስብኝስ?

ሊመለስ ይችላል፤ በተለይ መድኃኒት ቶሎ ካቋረጡ። ስለዚህ ደህና ስለሆኑ ብቻ ክኒኑን አይተዉ፤ ከተሻለዎት በኋላም ለወራት መቀጠል የተለመደ ነው፤ ሲቆምም በሐኪም ምክር ቀስ እየተባለ ነው። የመጨረሻዎቹን የምክር ቀጠሮዎች ከባለሙያው ጋር የግል ምልክቶችዎን ለመጻፍ ይጠቀሙባቸው። የአንዱ ምልክት ስልክ አለማንሳት ነው፤ የሌላው ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ መንቃት፤ የሌላው መነጫነጭ። ወረቀቱን አንድ የቤተሰብ አባል ይያዘው፤ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚያየው እሱ ነው። ምልክቶቹ ለሁለት ሳምንት ከቀጠሉ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይደውሉ።